ውሃና የሕይወት ሞለኪውሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት ውሃን በአንድ ምዕራፍ፣ ካርቦሃይድሬትን፣ ቅባትን፣ ፕሮቲንንና ኑክሊክ አሲድን ደግሞ በሌላ ምዕራፍ ለያይተው ስለሚያቀርቡ፣ ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያው ለሁለተኛው ምን እንደሚያደርግለት ሳይገነዘቡ ያልፋሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ለመሄድ ይሞክራሉ፤ ምክንያቱም በሕያዋን ውስጥ የሚገኙ ትልልቅ ሞለኪውሎች ቅርጻቸውንም ሆነ ሥራቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው በዙሪያቸው ካለው ውሃ ጋር ባላቸው ግንኙነት ነው።

ውሃ የተሠራው ከሦስት አቶሞች ብቻ ነው፤ ታዲያ ልዩ ያደረገው ምንድን ነው?

ልዩ ያደረገው ቅርጹና የኤሌክትሪክ ሙል አደላደሉ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ የመሳብ አቅሙ ከሃይድሮጅን ስለሚበልጥ፣ አቶሞቹ የሚጋሯቸው ኤሌክትሮኖች ወደ ኦክስጅኑ ያዘነብላሉ፤ በዚህም የተነሣ የኦክስጅኑ ወገን በጥቂቱ አሉታዊ፣ የሁለቱ ሃይድሮጅኖች ወገን ደግሞ በጥቂቱ አዎንታዊ ይሆናል። ሃይድሮጅኖቹ ከኦክስጅኑ ግራና ቀኝ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ቢሰለፉ ኖሮ ይህ አለመመጣጠን ይጣፋ ነበር፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። በውሃ ውስጥ ግን በሁለቱ ትስስሮች መካከል ያለው ማዕዘን 104.5 ዲግሪ ስለሆነ ሞለኪውሉ ጎባጣ ነው፤ ስለዚህም አንድ አዎንታዊና አንድ አሉታዊ ዋልታ አለው። የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል፤ ይህ መሳሳብ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል።

የሃይድሮጅን ትስስር ደካማ ነው ይባላል። ደካማ ከሆነ ለምን ይህን ያህል ይነገርለታል?

በእርግጥ ደካማ ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን ከሚያገናኘው ትስስር ጋር ሲነጻጸር ጥንካሬው ሃያኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ትስስር ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ክፍሎች ብዙም ሳያልፍ ተበጥሶ ሌላ ይተካዋል። ቁም ነገሩ ብዛቱ ነው። ይህን ለማየት ውሃን ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ሰልፈር በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ከኦክስጅን በታች የተቀመጠ ሲሆን፣ ከሁለት ሃይድሮጅኖች ጋር የሚሠራው ሞለኪውል ከውሃ ይከብዳል፤ ሆኖም ጠንካራ የሃይድሮጅን ትስስር ስለሌለው ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል። ውሃም እርስ በርሱ ባይያያዝ ኖሮ በምድራችን የሙቀት መጠን ጋዝ እንጂ ፈሳሽ አይሆንም ነበር።

ከዚህ መያያዝ የሚመጣ ሌላ ውጤት ደግሞ ሰውነታችንን በቀጥታ ይመለከታል። አንድ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ጁል ያስፈልጋል፤ ያው አንድ ግራም ከቆዳ ላይ ሲተን ግን ወደ 2,400 ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሞለኪውል ለመትነን ከጎረቤቶቹ ሁሉ መላቀቅ አለበት። ላብ የሚያቀዘቅዘን በዚህ መንገድ ነው። የሚያቀዘቅዘው ግን ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠረፍ በሐምሌና በነሐሴ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚቸገሩት በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን፣ አየሩ በእርጥበት በመሞላቱና ላባቸው ሳይተን በልብሳቸው ላይ በመቅረቱ ጭምር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ለምን ይዘገያሉ?

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እሳቱ ቢጨመርም ክዳኑ እስካልገጠመ ድረስ የሙቀት መጠኑ ከዚያ አያልፍም፤ የሚጨምረው የሚተነው ውሃ ብቻ ነው። የግፊት ድስት የሚጠቅመው የፈላውን ውሃ ተን አፍኖ ግፊቱን፣ በእሱም የሚፈላበትን የሙቀት መጠን ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

በረዶ በውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል?

ውሃ ሲረጋ እያንዳንዱ ሞለኪውል ከአራት ጎረቤቶች ጋር በተወሰነ ርቀት ተያይዞ ስለሚቆም፣ መካከሉ ክፍት የሆነ አወቃቀር ይፈጠራል፤ በረዶ ከፈሳሹ ውሃ በ9 በመቶ ገደማ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ውሃ ከሁሉም በላይ የሚታፈገው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ሐይቆች ከላይ ረግተው ከሥር ዓሣ የሚኖርባቸው ለዚህ ነው።

ስኳር በውሃ ሲሟሟ ዘይት የማይሟሟው ውሃ ዘይትን ስለሚገፋ ነው?

ብዙዎች እንዲህ ብለው ይማራሉ፤ ነገር ግን መገፋፋት የሚለው አገላለጽ ያሳስታል። ስኳር ዙሪያውን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩባቸው ቡድኖች ስላሉት ከውሃ ጋር የሃይድሮጅን ትስስር ይፈጥራል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ ሁለት ኪሎ ግራም የሚጠጋ ስኳር ሊሟሟ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የገበታ ጨው ሲሟሟ ደግሞ የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አቶሞች፣ ይለያዩና በውሃ ሞለኪውሎች ይከበባሉ። ዘይት ግን በአብዛኛው የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ስለሆነ ለውሃ የሚጨብጠው ዋልታ አያቀርብለትም። በዘይቱ ዙሪያ የተሰለፉት የውሃ ሞለኪውሎች እንደ ልባቸው የመገላበጥ ነፃነታቸው ይቀንሳል፤ የዘይት ጠብታዎች ተሰብስበው አንድ ሲሆኑ ግን ከውሃው ጋር የሚነካካው ገጽ ስለሚያንስ ብዙ የውሃ ሞለኪውሎች ከዚህ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ዘይትን አንድ ላይ የሚሰበስበው ዋናው ምክንያት የዘይት ለዘይት መዋደድ ሳይሆን የውሃው ሁኔታ ነው።

ይህ ነጥብ በደንብ ከገባ የህዋስ ሽፋን አሠራር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ፎስፎሊፒድ የሚባለው ሞለኪውል ጭንቅላቱ ውሃ ወዳድ፣ ሁለት ጭራዎቹ ደግሞ ዘይታማ ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭራዎቹን ወደ ውስጥ፣ ጭንቅላቶቹን ወደ ውጭ አድርጎ በራሱ ይደረደራል፤ በዚህ መልክ የሚፈጠረው ድርብ ሽፋን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ነው። ሽፋኑ ድርብ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1925 ያመለከቱት ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ጎርተርና ግሬንደል ናቸው፤ ከቀይ የደም ህዋሳት ያወጡትን ቅባት በውሃ ላይ ሲዘረጉት የህዋሳቱን ገጽ ስፋት ሁለት እጥፍ ሆኖ አገኙት።

እንዶድም ልብስ የሚያጥበው በዚሁ ሕግ ነው። በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች አንዱ ወገናቸው የስኳር፣ ሌላው ወገናቸው ቅባት ወዳድ ስለሆነ እድፉን ከውሃው ጋር ያገናኙታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ ተነሥተው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን የመቆጣጠሪያ መንገድ መፈለጋቸው ይታወቃል።

ፒኤች ምንድን ነው? ሕይወትስ ምን ያህል አሲድ መቋቋም ትችላለች?

በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንኳ እጅግ ጥቂት ሞለኪውሎች፣ በ25 ዲግሪ ከ550 ሚሊዮን አንድ ያህሉ፣ ተከፍለው ወደ ሃይድሮጅን አዮንና ወደ ሃይድሮክሳይድ አዮን ይለወጣሉ። የሃይድሮጅን አዮኑን ክምችት የሚገልጸውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ሲሆን፣ ይሠራ የነበረው በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። በመለኪያው ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ፒኤች 5 የሆነ ፈሳሽ ፒኤች 7 ከሆነው በመቶ እጥፍ አሲዳማ ነው።

ኢትዮጵያ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በአገር ውስጥ ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት። ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለችው የጭቱ ሐይቅ ፒኤች ወደ 10 የሚጠጋ ሶዳማ ውሃ ቢኖራትም፣ ስፒሩሊና የሚባሉት ደቂቅ ሕያዋን በብዛት ይራቡባታል፤ ፍላሚንጎዎችም እነሱን ይመገባሉ። በአንጻሩ ዳሎል ላይ የሚገኙ አንዳንድ ኩሬዎች ፒኤቻቸው ከዜሮ በታች ይወርዳል። በእነዚህ ኩሬዎች ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች አልተስማሙም፤ ሆኖም ምንም ሕያው ነገር አላገኘንም ያሉት ተመራማሪዎች ያነሡት ምክንያት ትኩረት የሚስብ ነው። አሲዱ ብቻውን ሳይሆን ከማግኒዚየም ጨው ብዛት ጋር ተዳምሮ ውሃውን ለሕይወት የማይገኝ ያደርገዋል ይላሉ። ውሃ በዓይን እየታየ ለህዋስ ግን የለም ማለት ነው።

አልካላይን ውሃ መጠጣት የደምን ፒኤች ያስተካክላል?

አያስተካክልም። የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል፤ የሚያቆየውም በደም ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አሲድና ባይካርቦኔት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያስወጡት ሳንባዎች እንዲሁም አሲዱን የሚያጣሩት ኩላሊቶች ናቸው። የተጠጣው ውሃ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው ፒኤቹ 2 አካባቢ ወደሆነው ጨጓራ ነው። ለዚህ ተብሎ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጠውን ውሃ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ውሃ ብቻ ነው።

ትልልቆቹ የሕይወት ሞለኪውሎች እንዴት ይሠራሉ?

ከቅባት በስተቀር የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎችን በመደርደር ነው፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። ግሉኮስም ፍሩክቶስም እያንዳንዳቸው 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አላቸው፤ ተጣምረው የሻይ ስኳር ሲሆኑ ግን ውጤቱ 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ነው። የጎደሉት ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ውሃ ሆነው ወጥተዋል። ምግብ ሲፈጭ ይህ ይገለበጣል፤ በየመጋጠሚያው አንድ ውሃ ገብቶ ሰንሰለቱን ይፈታዋል። ቅባትም ረጅም ሰንሰለት ባይሆንም ግሊሰሮልና ሦስት የቅባት አሲዶች ሲጣመሩ ሦስት ውሃ ይወጣል።

ስታርችም ሴሉሎስም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ከሆኑ፣ ጤፉን በልተን ጭዱን ለከብት የምንተወው ለምንድን ነው?

ልዩነቱ ግሉኮሶቹ የሚያያዙበት አቅጣጫ ነው። በስታርች ውስጥ መጋጠሚያው ሰንሰለቱን እንዲጠማዘዝ ያደርገዋል፤ በሴሉሎስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከቀዳሚው ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይልና ከጎረቤቶቹ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ተጣብቆ ጠንካራ ጭረት ይሆናል። በምራቃችን ውስጥ ያለውና ከቆሽታችንም የሚመነጨው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም የመጀመሪያውን ይፈታል፤ ሁለተኛውን አይነካውም። ላም እንኳ ራሷ አትፈታውም፤ ሥራው በሆዷ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ሕያዋን ነው።

የስታርችና የውሃ ግንኙነት ከሁሉ ይልቅ በእንጀራ ላይ ይታያል። ስታርች በጤፉ ውስጥ የሚገኘው በጥቃቅን ቅንጣቶች ታሽጎ ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አይገባውም። ሊጡ ከቦካ በኋላ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ሲበስል፣ ማለትም አብሲት ሲጣል፣ ሙቀቱ በቅንጣቶቹ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን ትስስሮች ይፈታል፤ ውሃው ይገባል፤ ቅንጣቶቹም አብጠው ይወፍራሉ። ወደ ሊጡ የሚመለሰው ይህ ወፍራም ፈሳሽ ውሃንም ጋዝንም ይዞ ስለሚቆይ፣ ግሉተን የሌለው የጤፍ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ ዓይን ለማውጣት ያግዘዋል። እንጀራው ሲያድር የተፈቱት የስታርች ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ተመልሰው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ መድረቁም በከፊል ውሃው ጠፍቶ ሳይሆን ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ነው። ቅዝቃዜ ይህን ስለሚያፋጥን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ እንጀራ ይጠነክራል፤ ሲሞቅ ደግሞ በመጠኑ ይለሰልሳል።

ጠላ ሲጠመቅ ብቅል የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። የበቀለው ገብስ ለቡቃያው ምግብ ለማዘጋጀት አሚሌዝ አመንጭቷል፤ ኢንዛይሙ ስታርቹን ወደ ስኳር ካልፈታው እርሾ ወደ አልኮል የሚለውጠው ነገር አያገኝም።

የኑግ ዘይት ፈሳሽ፣ ቅቤ ግን የሚረጋው ለምንድን ነው?

በቅቤ ውስጥ ካሉት የቅባት አሲዶች አብዛኞቹ ሰንሰለታቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተጠጋግተው ይታሸጋሉ። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ግን ሁለት ድርብ ትስስሮች ስላሉት በሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ስለዚህ አይታሸግም። ለጋ ቅቤ ደግሞ ንጹሕ ቅባት ብቻ አይደለም፤ ውሃና ጥቂት የወተት ፕሮቲን አለበት። ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ ፕሮቲኑም ተለይቶ ይወጣል፤ ባክቴሪያ ያለ ውሃ ስለማይራባ ንጥር ቅቤ ለወራት ይቆያል። ቋንጣን የሚያቆየውም የውሃው መወገድ ነው።

ፕሮቲን ሲበስል ምን ይሆናል?

ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተደረደረ ሰንሰለት ነው። አንዳንዶቹ አሚኖ አሲዶች ውሃ ወዳድ፣ ሌሎቹ ዘይታማ ናቸው፤ ሰንሰለቱም ዘይታማዎቹን ወደ ውስጥ ሸሽጎ፣ ውሃ ወዳዶቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ይጣጠፋል። ሥራውን የሚሠራው በዚህ ቅርጽ ነው። ሙቀት ሲበዛ እጥፋቱ ይፈታል፤ የተደበቁት ዘይታማ ክፍሎች ይወጡና ከሌላው ሰንሰለት ጋር ይጣበቃሉ፤ የእንቁላል ነጭ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚነጣውና የሚረጋው ለዚህ ነው። አሲድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣሉ፤ ፒኤቹ ወደ 4.6 ሲጠጋ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን እርስ በርስ የሚያራርቀውን ሙል ያጣና ይሰበሰባል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ ፕሮቲኑ አይብ ሆኖ ይለያል፤ አጓቱም ይቀራል።

ከውሃ ጋር ያለው ግንኙነት በአንድ አሚኖ አሲድ ሲዛባ ምን እንደሚከተል የሚያሳየው ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ካሉት ሰንሰለቶች አንዱ የሆነው ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በዚህ ሕመም በ6ኛው ቦታ ላይ ያለው ውሃ ወዳዱ ግሉታሚክ አሲድ ዘይታማ በሆነው ቫሊን ይተካል። ኦክስጅኑ ሲራገፍ ይህ ዘይታማ ነጥብ በሌላው ሄሞግሎቢን ላይ መሸሸጊያ ያገኛል፤ ሄሞግሎቢኖቹ ተያይዘው ረጃጅም ጭረቶች ይሆናሉ፤ ቀይ የደም ህዋሱም የማጭድ ቅርጽ ይይዛል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን የሞለኪውል በሽታ ሲሉ ሰይመውታል።

ዲኤንኤስ ከውሃ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከሚጠበቀው በላይ። የዘር መረጃን የሚይዘው ኑክሊክ አሲድ፣ ዲኤንኤ፣ ሁለት የተጠማዘዙ ሰንሰለቶች አሉት። በሰንሰለቶቹ ጀርባ ላይ ያሉት ፎስፌቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው ወደ ውሃው ይዞራሉ፤ መረጃውን የሚጽፉት ጠፍጣፋ ክፍሎች፣ ቤዞች የሚባሉት፣ ግን በመካከል ተደራርበው ይቀመጣሉ። አዴኒን ከታይሚን ጋር በሁለት፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር በሦስት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይጋጠማሉ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ስትሠራ የዲኤንኤ ጭረት እርጥበት ሲያገኝ እንደሚረዝምና ኤ ከተባለው ቅርጽ ወደ ቢ ቅርጽ እንደሚለወጥ ለይታ አሳየች፤ ውሃ በቀላሉ መግባቱም ፎስፌቶቹ በውጭ በኩል መሆን እንዳለባቸው አመላከታት። እ.ኤ.አ. በ1952 በቤተ ሙከራዋ የተነሣው ታዋቂው የኤክስሬይ ምስል የእርጥቡ ቅርጽ ምስል ነው። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረቡት የዲኤንኤ አወቃቀር ሞዴል ከዚህ ብዙ ተጠቅሟል፤ የእርሷ ድርሻ ግን በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ቆይቷል።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ውሃ ብቻ መስጠት ለምን አይበቃም?

ሕፃኑ ያጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ስለሆነ ነው፤ ውሃው ራሱም ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው የተሟሙ ነገሮችን ተከትሎ ነው። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ብቻ የሚያሳልፍ ፕሮቲን አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃ በኦስሞሲስ፣ ማለትም የተሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ወገን በመሳብ፣ ይከተላቸዋል። በኮሌራ እንኳ ይህ በር አይዘጋም። ሕይወት አድን ንጥር፣ በተለምዶ ኦ አር ኤስ የሚባለው፣ የተቀመመው በዚህ መሠረት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በአንድ ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል።

ልኬቱ መከበር ያለበትም ለዚህ ነው። ዱቄቱ በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ባነሰ ውሃ ከተበጠበጠ በአንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደሙ የበለጠ ይከማችና ኦስሞሲስ በተቃራኒው ይሠራል፤ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። በጣም የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥም ይህንኑ ያስከትላል። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከደነዘዘ ንጥሩን እየሰጡ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ደረጃ ፈሳሹ በደም ሥር መሰጠት ሊኖርበት ይችላል።